ዝቅ ያለችው ቪትዝ

መቼም በአገራችን መኪና ልገዛ ነው ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የሞተሩ ነገር አይደለም፤ «ከመሬት ከፍ ትላለች?» የሚለው ነው። ቀለሟ ቢለቅ፣ ወንበሯ ቢቀደድ፣ ሬዲዮዋ አንድ ጣቢያ ብቻ ቢይዝ ግድ የለም፤ ከፍ ካለች ጎበዝ መኪና ናት። ስለዚህ ቪትዝ የገዛ ሰው ሊብሬው በስሙ ሳይዞር ጋራዥ ያስገባትና ሞላዋ ላይ ጎማ ያስደርብላታል። ኮሮላ የገዛውም ያንኑ ያደርጋል። አይሱዙ የገዛ ነጋዴ ፋብሪካው ያሰረለት ባሌስትራ ሁልጊዜ ያንሰዋል፤ ተጨማሪ ካላስደረበበት እንቅልፍ አይወስደውም። ላንድክሩዘር የያዘው ደግሞ፣ ከተፈጥሮዋ ከፍ ያለችውን መኪና ትልልቅ ጎማ ያስገባባትና ሰላምታውን ቀና ብለን እንድንቀበል ያደርገናል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የበረከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸው ከወለላቸው ሥር የተነጠፈ ነውና፣ ባለቤቶቻቸው ፍጥነት መቀነሻ ላይ በደረሱ ቁጥር ሬዲዮ ዘግተው፣ ትንፋሽ ውጠው፣ ከሥር የሚመጣውን ድምፅ ሲያዳምጡ ይታያሉ።

ሕዝቡ እንዲህ መኪናውን ወደ ሰማይ በሚያስጠጋበት አገር፣ ያውም ሐረር ላይ፣ ያውም ፈላና በር ሰፈር፣ አንድ የጎረቤት ልጅ «ቪትዜን ዝቅ ላደርጋት ነው» ብሎ ተነሣ። አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚያደርጋት አጭር ሞላ፣ ጎማዋን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር። ዝቅም ልትል ነው፣ ሰፋም ልትል ነው። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አንዱ አጭበርብሮታል» አለ። ሌላው ግማሽ «ዕዳ ገብቶበት ይሆናል» አለ። በጤናው ነው ያለ ግን አልነበረም።

አባቱ ነገሩ እንዲገባቸው ደጋግመው አስነገሩት።

«ከፍ ልታደርጋት ነው አይደል?»

«አይ፣ ዝቅ።»

«ተበላሽታ ነው?»

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ስንት ሊሰጡህ ነው?»

«እኔ ነኝ የምከፍለው አቦ! አልገባህም እንዴ?»

አባት ጫታቸውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛውረው ሲያበቁ፣ «ለዝቅታ ብር አይከፈልም» አሉ። «እኔም በጊዜዬ ዘለግ ያልኩ ሰው ነበርኩ። ዕድሜ በነጻ ነው ዝቅ ያደረገኝ። ዝም ብለህ ጠብቃት።»

እዚህ ላይ «አሉ» እያልኩ የምጽፈው አንባቢን አክብሬ ነው። ልጁ አባቱን «አንተ» ነው የሚለው። አባትም እንደዚያ ባይለው «ምን ሆነህ ነው የተቆጣኸው?» ብለው ይደነግጣሉ። ሐረር ከተማ ለሽማግሌውም፣ ለሹሙም፣ ለሸኹም፣ ለቄሱም «አንተ» ትበቃለች፤ ፍቅሩ ካለ ሌላው ትርፍ ነው። የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ጆሮው ይቆጣል፤ ትንሽ ከሰነበተ ግን እሱም አቦ ማለት ይጀምራል፤ ተመልሶ ሸገር ሲገባ አለቃውን «አንተ» ብሎ ችግር ውስጥ ይወድቃል።

የአባትየው ክርክር ግን መሠረት የሌለው አልነበረም። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል፤ እንግዳ መቀበያው አምስት ነደባ፣ ማለትም መደብ፣ አለው፤ ነደባዎቹ በከፍታቸው ይለያያሉ፤ ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥም በማዕረግ የታወቀ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ወጣቱ ተነሥቶ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። ከፍታ ክብር መሆኑን ሕፃን ዳዴ እያለ የሚማርበት ከተማ ውስጥ፣ በገዛ ብሩ የሚወርድ ሰው ማየት ለአባት ከባድ ነው።

ልጁም የራሱ ክርክር አለው። ቪትዟን ግድግዳ ሥር አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መካከል አራት ጣቱን አስገብቶ ያሳየኝ ጀመር። «አየኸው ይኼን ክፍተት? ይኼ ነው የሚያሳፍረኝ። ከጎን ስታያት ሱሪ ያጠራት ትመስላለች።» እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ የመኪናን ክፍተት አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የትም ስሄድ ዓይኔ እዚያው ነው፤ ከተማው ሁሉ ሱሪ አጥሮታል።

ልጁ ዕቃውን ሐረር ውስጥ ፈልጎ ሲያጣው ቶሮንቶ ለምትኖር የአክስቱ ልጅ ስልክ ደወለ። የሐረር ሰው ቶሮንቶ ዘመድ የለኝም ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሜልበርን አለው። ልጅቷ በዓመት ረፍቷ ስትመጣ ሁለት ሻንጣ ትይዛለች፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በዚህ 46 ኪሎ ላይ ደግሞ መላው ቤተ ዘመድ ዓመቱን ሙሉ ሲያስብበት ከርሟል፦ የጉልበት ቅባት፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሽቶ፣ የልጆች ጫማ፣ ቪታሚን። አራቱ ሞላና አራቱ ስፔሰር የአንዱን ሻንጣ ሲሶ ዋጥ አደረጉት። አውሮፕላኑ ድሬዳዋ አርፎ፣ ልጅቷ የደንገጎን ጥምዝምዝ ወጥታ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፋ ቤት ስትደርስ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሻንጣ ሲከፈት ከላይ ብቅ ያለው ቀይ ሞላ ነው። አያትየው አንሥተው በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ወይ ፍንክች። «ለወገብ ነው?» ብለው ጠየቁ። ለመኪና ነው ተባሉ። «መኪናዋ ወገቧን ታማለች?» አሉ። መኪናዋ ጤነኛ ናት ተባሉ። አያትየው ሞላውን መልሰው ሻንጣው ውስጥ አስቀመጡትና፣ የኔ ቅባትስ የታለ አሉ።

ፈላና በርን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ጀጎልን፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ዞሮ የሚከብባትን አሮጌ ከተማ፣ ዓለም ሁሉ ያውቃታል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ወደ ሰሜን የሚያወጣው የእኛ ፈላና በር፣ ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት። ማታ ማታ ከበሩ ወጣ ብሎ ጅብ በእጅ የሚመገብበት ቦታ አለ። ቱሪስት በሚኒባስ ይመጣል፤ ሾፌሩ መብራት ያበራል፤ ጅቡም ብርሃን ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ከእንጨት ጫፍ ይቀበላል። የጅቡን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ከተማ ለሁሉም እንደ ቁመቱ ታስቦለታል። ግንቡ ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ለጅብ መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለ። ለሰውና ለተጫነ አህያ በሮቹ አሉ። መኪና ዘግይታ ስትመጣ ደግሞ በምዕራብ በኩል ሰፊ በር አገኘች። በጅብና በመኪና መካከል ያለ ቁመት ላለው ፍጥረት ግን ማንም አላሰበም፤ የጎረቤቴ ልጅ እየሠራ ያለው ያንን ፍጥረት ነው።

መንገዱስ? ከግንቡ ውስጥ 368 ጠባብ መተላለፊያ አለ ይባላል፤ አብዛኛው መኪና የሚያስገባ አይደለም። መኪና በሚያስገባው ላይ ደግሞ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ድንጋዩ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሽቅብ ይወጣል፣ መሀል ላይ የውኃ መውረጃ ያቋርጠዋል። ከግንቡ ውጭ አስፋልት አለ፤ አስፋልቱ ላይ ፍጥነት መቀነሻ አለ፤ ፍጥነት መቀነሻውን የሠራው ሰው ምን ዓይነት መኪና አስቦ እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

መካኒኩ ከግንቡ ውጭ የሚሠራ፣ ፔጆ ሲፈታና ሲገጥም ያረጀ ሰው ነው። ቪትዟን በክሪክ አነሣት፣ ድጋፍ አስገባላት፣ የፊቱን ጎማ ፈታ። ከዚያ የድሮውን ሞላ በመጭመቂያ ይዞ ቀስ እያለ ማጥበቅ ጀመረ። እኔ ለማየት ጠጋ ስል «ወደዚያ ሂድ» አለኝ። «ይኼ ሞላ ካመለጠ ጥርስ ይዞ ነው የሚሄደው።» ሲያወጣው፣ አቧራና ዝገት የለበሰውን የድሮውን ሞላ ከቀዩ ጎን መሬት ላይ አቆመው። አዲሱ በቁመት አጠር፣ በውፍረት ደግሞ ደንደን ያለ ነው።

«ይኼን የሠራው ሰው ጅል አይደለም» አለ መካኒኩ። «ሞላ ሲያጥር መሄጃው ያጥራል። መሄጃው አጥሮ እንደ ድሮው ከለሰለሰ በየጉድጓዱ መሬት ይነካል። ስለዚህ አጥብቆ ሠርቶታል። ዋጋውን የምትከፍለው ደግሞ አንተ ነህ።» ቀጠለና የሾኩን ዘንግ እያሳየ፣ ሾኩ ለረጅሙ ሞላ ተለክቶ የተሠራ መሆኑን፣ አሁን ግን ገና ቆማ ሳለች ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደሚውል፣ መኪናዋ ስትጫን ዘንጉ ላይ ያለችው መጨረሻ ላስቲክ ላይ እንደምታርፍ፣ ያቺ ላስቲክ ካረጀች በኋላ ብረት ብረትን እንደሚመታ አስረዳ። ጎማዎቹም ላያቸው ወደ ውስጥ ጋደል ስለሚል በውስጥ በኩል ያለው ጥርሳቸው እንደሚበላ፤ ከውጭ የሚያያቸው ሰው አዲስ ናቸው ሲል ከውስጥ ሽቦ እስኪወጣ ሊደርሱ እንደሚችሉ፤ ስለዚህ ሞላው በተገጠመ ማግስት አላይመንት ካላሠራ ወዮለት አለው። ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። ዓይኑ ግን ቀዩ ሞላ ላይ ነው።

ሞላው ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ገባ። ጭቅጭቁ የተነሣው ስፔሰሩ ላይ ነው። ስፔሰር ማለት ከጎማው መቀመጫ ጋር እኩል የተቆረጠ፣ አራት ቀዳዳ ያለው ወፍራም የአሉሚኒየም ዝርግ ነው፤ በቸርኬውና በመኪናዋ መካከል ይገባና ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ልጁ ያስመጣው 10 ሚሊ ሜትር የሚወፍረውን ነው። መካኒኩ አስገባው፣ ቸርኬውን ጫነበት፣ አንዱን ዳዶ በጣቱ እያዞረ መቁጠር ጀመረ። «አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት።» ዳዶው ቆመ። መካኒኩም ቆመ።

«ምነው?» አለ ልጁ።

«አምስት ዙር ነው የያዘው።»

«ታዲያ ጠበቀ አይደል?»

«ጠበቀማ። የሚይዘው ግን የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቪትዝ የጎማ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። የቆየው የመካኒኮች ሕግ ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል ይግባ ይላል፤ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ስምንት ዙር ነው። የ10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ብቻውን ስድስት ዙር ተኩል ያህል ይበላል። ስምንት ዙር የሌለው ጎማ ደንገጎ ጥምዝምዝ ላይ ባለቤቱን ቀድሞ ድሬዳዋ ሊገባ ይችላል። መካኒኩ ይህን ሁሉ ቁጥር አልዘረዘረም፤ ጣቱ ያውቀዋል። «ረጅም ብሎን እስክታመጣ እኔ አልገጥምም» ብሎ ስፔሰሩን አውጥቶ ልጁ እጅ ላይ አስቀመጠው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የስፔሰሩ የመሀል ቀዳዳ ከቪትዟ መቀመጫ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ለሁሉም መኪና እንዲሆን የተሠራ ነውና ለአንዱም ልክክ አይልም። እንዲህ ከተገጠመ ጎማው መሀሉን ሳይይዝ በብሎኖቹ ላይ ብቻ ይንጠለጠልና መሪው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ተሂዶ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ተቆረጠለት። ረጃጅም ብሎኖቹም ከድሬዳዋ መጡ፤ የድሮዎቹ ተመትተው ወጡ፣ አዲሶቹ ገቡ። መካኒኩ እንደገና ቆጠረ፣ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ፊቱ ፈታ አለ። ከዚያ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጠበቀ፤ አንድ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ቢንጠለጠል የሚሰጠውን ጉልበት ያህል፤ ከዚያ አንሶ አይሆንም፣ በልጦም ብሎን ይስባል። «መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ተመለስና ድጋሚ ላጥብቅልህ። ኩሽኔታውም ከዛሬ ጀምሮ ሥራው በዝቶበታል፤ ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ክንዱ ይረዝማል፣ ጭነቱም ኩሽኔታው ላይ ይበረታል። ድምፅ ስትሰማ ሬዲዮ ጨምረህ አትሸፍነው።»

በዓለም ላይ መኪናውን ዝቅ ያደረገ የመጀመሪያው ሰው የጎረቤቴ ልጅ አይደለም። ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲጀምሩት ሞላ መግዣ አልነበራቸውም፤ የኋላ ሻንጣው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ይጭኑ ነበር። መኪናዋ ትወርዳለች፣ ሰፈሩን በዝግታ ታካልላለች፣ ልጃገረዶች ያያሉ። ይህ የካሊፎርኒያን ሹሞች አላስደሰታቸውምና እ.ኤ.አ. በ1958 የጸና ሕግ አወጡ፤ የመኪናው አካል ከቸርኬው ታችኛው ጠርዝ ዝቅ አይበል አሉ። በዓመቱ ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት ከአውሮፕላን የተወሰደ የሃይድሮሊክ ፓምፕ መኪናው ላይ ገጠመ፤ ፖሊስ ሲመጣ ትነሣለች፣ ፖሊስ ሲሄድ ትተኛለች። ግዛቱ በዝግታ መንሸራሸርን የሚከለክሉትን ደንቦች ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ነው።

ይህን ታሪክ ለልጁ አባት ነገርኳቸው። ትኩረታቸውን የሳበው የአሸዋው ነገር ነው። «አሸዋ ምን ይሠራል?» አሉ። «ሁለት ኩንታል የሐረማያ ድንች ቢጭን መኪናዋም ትወርድ ነበር፣ ድንቹም ይሸጥ ነበር።» ከልባቸው አዝነው ነው የተናገሩት።

ቪትዟ ከጋራዥ ስትወጣ ማማሯን የሚክድ የለም። አራት ጣት የሚገባበት ክፍተት አንድ ጣት ሆነ። ከኋላ ሆነው ሲያዩዋት እግሯን ፈርከክ አድርጋ መሬቱን ቆንጥጣ ይዛለች። ልጁ በሰፊው በር አስገብቷት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ፈረስ መጋላ አቆማት። እዚያ ደግሞ የማይሞቱት ታክሲዎች አሉ፣ ፔጆ 404ቶች። ይህ መኪና ቅርጹን ፒኒንፋሪና የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ የወጣ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ የወጣ ጀግና ነው። ፈረንሳይ ውስጥ መሠራቱ ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ ሐረር ውስጥ ግን ገና ጡረታ አልወጣም። ካምቢዮው ከመሪው ሥር ነው፤ የፊት ወንበሩ ወጥ ስለሆነ ሦስት ሰው ያስቀምጣል፤ ካስፈለገ አራተኛው በሩን ይይዛል። ፊትም ኋላም ያለው ሞላ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ሰው፣ ፍየል፣ ከረጢትና ሙሽራ ተሸክሞ ደክሞታል።

አንዱ የፔጆ ሾፌር ቪትዟን ዞሮ ዞሮ አያት። ጎማዋን ረገጠ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ።

«ምን ሆና ነው?»

«ዝቅ አድርጌያት ነው።»

«ስንት ፈጀብህ?»

ልጁ ነገረው። ሾፌሩ ወደራሱ መኪና ዞረ። እውነትም ፔጆው ከቪትዟ እኩል ዝቅ ብሏል፤ እንዲያውም በአንድ ወገን ትንሽ ይበልጣል። «እኔ ይኼን ምንም ሳልከፍል ነው ያገኘሁት» አለ፤ «ለዚያውም ከአንተ ቀድሞ ነው የወረደው።» ታክሲ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ልጁ «አቦ ተወኝ!» ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ። ቸኩሎ ለመሄድ ፈልጎ ነበር፤ ግን ፊት ለፊቱ ድንጋዩ አበጥ ያለበት ቦታ ነበርና፣ በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጎማ እየጣለ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ከዓይን አልተሰወረም።

ዋናው ነገር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰፈር ውስጥ መኪና ያለው ልጅ የመኪናው ባለቤት እሱ እንደሆነ የሚያውቀው ቤንዚን ሲሞላ ብቻ ነው። የታመመ ሲኖር ይጠራል፤ እንግዳ ከድሬዳዋ ይቀበላል፤ ለሠርግ ሙሽራ፣ ለለቅሶ ድንኳን ያመላልሳል። አሁን ግን ልጁ ምክንያት አገኘ። «ሞላው አይችልም» ይላል። አምስት ሰው? ሞላው አይችልም። ሁለት ጆንያ ከሰል? ሞላው አይችልም። የአጎትየው የሚታረድ በግ? በጉን ራሱን አይቶ «ይኼ ሞላውን ይጨርሰዋል» አለ። አጎትየው በጉን እየጎተቱ ሲሄዱ አየኋቸው፤ በጉም ቅር ያለው ይመስል ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ለጥቂት ሳምንታት ያህል ይህን ያህል ነጻ የወጣ ባለ መኪና ሐረር አላየችም። መኪና ዝቅ ማድረግ ዋናው ጥቅሙ ይኼ ይሆን እንዴ እያልኩ ማሰላሰል ጀምሬ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ደግሞ አነዳዱ ነው። ይህ ልጅ ድሮ በፈላና በር ሲያልፍ ዶሮዎች ቀድመው ነበር የሚያውቁት። አሁን እያንዳንዱን ጉድጓድ በስሙ ያውቀዋል። ፍጥነት መቀነሻ ጋ ሲደርስ ቆሞ ያስባል፤ ባጃጆች ከኋላው ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤ እሱ በግራ ይሂድ በቀኝ ይወስናል፤ ከዚያ በሰያፍ ይወጣታል። ዘይት የሚይዘው ኮፓ ከተበሳ ሞተሩ አፈር እንደሚበላ መካኒኩ ነግሮታልና ጉድጓዱ ውኃ ለብሶ በማይታይበት የዝናብ ቀን ከቤት አይወጣም። የውድድር መኪና ትምሰል ብሎ ያን ሁሉ ብር ያፈሰሰባት ቪትዝ፣ ከከተማው ሁሉ ዘገምተኛዋ ሆና ቁጭ አለች። እናቱ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሰከነ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ ያወራሉ። መካኒኩን አግኝተው መርቀውታል፤ ምን እንዳደረገላቸው ግን አልገባውም።

ይህ ወሬ ከሴቶች አፎቻ ጆሮ ደረሰ። አፎቻ የሐረሪዎች መረዳጃ ነው፤ ሠርግና ለቅሶ ያለ እሱ አይሆንም፤ አባላቱም እያረጁ የሚሄዱ እናቶች ናቸው። የእነሱ ችግር ሁልጊዜ መሳፈሪያው ነበር። ሚኒባሱ ደረጃው ሩቅ ነው። ተከፍሎባቸው ከፍ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ጉልበት ይጠይቃሉ። ላንድክሩዘርማ ላይ ለመውጣት አንድ ከፊት የሚስብ፣ ሁለት ከኋላ የሚገፋ ያስፈልጋል፤ ያን ሁሉ ሰው እያየ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ እግራቸው ደክሞ፣ ልጁን መንገድ ላይ አስቁመው በሩን ከፈቱና ዝም ብለው ቁጭ አሉ። መውጣት የለ፣ መሳብ የለ፣ መገፋት የለ። ቤታቸው ሲደርሱ መነሻው ላይ ትንሽ አስቸግሯቸው የሰፈር ልጆች እጃቸውን ሳቡ እንጂ፣ ስለመግባቱ የተናገሩት ምስጋና በማግስቱ ከተማውን ዞረው።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ነጻነት የለውም። ለቅሶ ሲኖር ቀለል ያለ ሻሽ ያደረጉ አራት እናቶች በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«ሞላው አራት ሰው አይችልም» ይላል።

«እኛ ምን ኪሎ አለን?» ይላሉ እናቶቹ፣ እየገቡ።

ቪትዟ ተጭና ስትነሣ መጨረሻ ላስቲኳ ላይ ቂብ ትላለች። ልጁ ሬዲዮ ዘግቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ወደፊት አስግጎ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እያሰበ ያደርሳቸዋል። እናቶቹ ከኋላ ሆነው ዝግታውን ያደንቃሉ፤ ሚኒባስ ሾፌሮቹን ሁሉ እሱን እያነሡ ይወቅሱባቸዋል። አንዳንድ የልጁ ጓደኞች መኪናዋን «አፎቻ» ብለው ስም አውጥተውላታል። እሱም መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር። አሁን ግን፣ በቀደም ዕለት ጎማው በውስጥ በኩል ተበልቶ ብር ሲያጣ፣ እናቶቹ ከአፎቻው ሣጥን አዋጥተው ሁለት ጎማ ገዙለትና ቁጣው በረደ።

ጎማውን ያስገጠመ ቀን አጋጥሞኝ አብሬ ቆሜ ነበር። የአፎቻው ታላቅ እናት፣ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና ቪትዟን እንደ ባለሙያ ዞረው አዩዋት። ጎማዎቹን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ። በሩን ከፍተው ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ እንደገና ተቀመጡ። ከዚያ ልጁን ጠሩት።

«ጥሩ ናት» አሉት። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል።»

«ምን?»

«ለዚያ ለመካኒክህ ንገረው አቦ፤ ሁለት ጣት ያህል ደግሞ ዝቅ ያድርጋት።»